«ከጥርስ ብቻ እንዴት አወቁ ቲቸር?»

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። የአንድ ተማሪዬ ዕዳ።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ሳስተምር የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ደረስን። እነዚያን ረጃጅም ስሞች ሰሌዳው ላይ ስደረድር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አንዳንዶቹ የተገኙት ጥርሳቸው ብቻ ነው አሉ። ከጥርስ ብቻ ሌላ ዝርያ መሆኑን እንዴት አወቁ?» አለኝ። እኔም «አንተ መጽሐፉ ላይ ያለውን ያዝ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

እውነቱን ልንገራችሁ? መልሱን አላውቀውም ነበር። «አላውቅም» ማለት ግን አፈርኩ።

በ2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከአፋር ሌዲ ገራሩ 13 ጥርሶች መገኘታቸው ሲወራ ያ ልጅ፣ አሁን ሥራ የያዘ ጎልማሳ ሆኗል፣ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አሁንስ መልሱ ተገኘ?» የሳቅ ምልክት ጨምሮበታል። እኔን ግን አላሳቀኝም። ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም፤ የገባኝን ያህል ግን እነሆ።

ከገበያ እንጀምር። ባቲ ሰኞ ገበያ ሂዱ፣ ወይ ለዒድ ወይ ለፋሲካ ደሴ በግ ተራ ቁሙ። ገዢው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? የበጉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ማየት! ሁለት ጥርስ አውጥቷል፣ አራት አውጥቷል፣ ይሄማ አርጅቷል ይላል። ነጋዴው የፈለገውን ቢምል ጥርስ አይዋሽም። አባቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ይህን ያውቁ ነበር።

ተመራማሪዎቹም የሚነሱት ከዚሁ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነው፤ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ሥጋው ይበሰብሳል፣ አጥንቱን ጅብ ይቆረጥመዋል፣ ጎርፍ ይሰባብረዋል። ጥርስ ግን ሚሊዮን ዓመት ይጠብቃል።

የዚህ ነገር ጫፉ የሚታየው ባሕር ውስጥ ነው። ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፣ ቀይ ባሕር ውስጥም ይኖራል፤ የሚዋኝ ምንጣፍ በሉት። እንደ ሻርክ ሁሉ እውነተኛ አጥንት የለውም፤ አካሉን የሚሸከመው ጆሯችን የተሠራበት ዓይነት ልም አጥንት ነው። ስለዚህ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ብቻ ይቀራል። ደግነቱ ጥርሱ ብዙ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አሮጌው እየወደቀ አዲሱ ይተካል። ከምድር የጠፉ ብዙ የሬይ ዝርያዎች የሚታወቁት በጥርሳቸው ብቻ ነው። ጥርሱ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ንጣፍ ድንጋይ የተገጣጠመ ከሆነ ባለቤቱ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚፈጭ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጣጣው እዚህ ላይ ይመጣል። የአንዱ ሬይ የመሐል ጥርስና የዳር ጥርስ አይመሳሰሉም። የግልገሉና የትልቁም እንደዚያው። ይባስ ብሎ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት መካከል በመራቢያ ወቅት የወንዱ ጥርስ የሚሾልበት ዝርያ አለ፤ ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቷ ጠፍጣፋ ይሆናል። አስቡት እንግዲህ! የቸኮለ ሰው ባልና ሚስቱን ሁለት ዝርያ አድርጎ ስም ያወጣላቸዋል። ስለዚህ የሚያዋጣው መንገድ አንድ ነው፦ ብዙ ጥርስ መሰብሰብ፣ ዛሬ ካሉት እንስሳት መንጋጋ ጋር ማስተያየት፣ «ይህ ልዩነት የዕድሜ ነው? የጾታ ነው? የቦታ ነው?» እያሉ መጠየቅ። እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው የማይመለስ ልዩነት ከተረፈ፣ ያኔ አዲስ ዝርያ ነው ይባላል።

የቸኮለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አሜሪካኖቹ ያውቁታል። በ1922 ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን የተባለ ታላቅ ሳይንቲስት ነብራስካ ውስጥ ከተገኘ አንድ ያለቀ ጥርስ ተነስቶ ለአሜሪካ የመጀመሪያው ሰው መሰል ፍጡር ስም አወጣ። ጋዜጦች ሥዕል ሳይቀር ሣሉለት። በ1927 ነገሩ ተጣራ፤ ጥርሱ የአሳማ ዘመድ ሆኖ ተገኘ! ልብ በሉ ግን፣ ስህተቱን ያጋለጡት እዚያው ጉድጓድ ተመልሰው የቆፈሩት ሳይንቲስቶች ራሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሦስት ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ ካዳባ። በ2001 ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከመካከለኛው አዋሽ የተገኙትን ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅሪቶች ሲያሳውቅ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው አላለም፤ አርዲፒቴከስ ራሚደስ ለሚባለው ንዑስ ዝርያ አደረገው። በኋላ ስድስት ጥርሶች ተጨመሩ። የዝንጀሮ የላይኛው ክራንቻ ከታችኛው ጥርስ ጋር እየተፋተገ፣ ቢላ በሞረድ እንደሚሳል፣ ይሳላል። የእኛ እንዲህ አይደለም። የካዳባ በመካከል ላይ ነው። በ2004 እሱና ባልደረቦቹ ካዳባን ወደ ሙሉ ዝርያ ከፍ አደረጉት። ሦስት ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ጮሮራ። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጃፓናዊው ገን ሱዋ፣ ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና ዶክተር ዮናስ በየነ ያሉበት ቡድን ዘጠኝ ጥርስ አገኘ። በ2007 «ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ» ብለው ስም አወጡለት፤ የመንጋጋ ጥርሱ ቅጠላ ቅጠል ለመቆራረጥ የተሠራ የጎሪላን የመሰለ ነው ብለው። ሌሎች ደግሞ «ተመሳሳይ ምግብ የበላ ዘመድ ሳይሆንም ሊመሳሰል ይችላል» አሉ። ዕድሜውም መጀመሪያ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ ነበር፣ በ2016 ወደ 8 ሚሊዮን ታረመ። ማንም አላፈረም።

ሦስተኛው ያ የተማሪዬ ሌዲ ገራሩ ነው። እዚያ በ2013 ቻላቸው ሥዩም የተባለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የመንጋጋ ግማሽ አግኝቶ ነበር፤ የእኛው የሆሞ ወገን ነው። በ2025 የተነገረላቸው 13 ጥርሶች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። ጥቂቶቹ የሆሞ። ሌሎቹ የአውስትራሎፒቴከስ ወገን፣ ግን የሉሲ ዝርያ አይደሉም፣ ጋርሂ የሚባለውም አይደሉም። አዲስ ዝርያ ይመስላል። ታዲያ ስሙ ማን ተባለ? ምንም! ተጨማሪ ቅሪት እስኪገኝ ስም አላወጡለትም። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ፀሐይ ለቅመው፣ ዓለም እያያቸው፣ «ለስም አይበቃም» አሉ።

እኔ ክፍል ውስጥ ያቃተኝ ይቺ ነች።

ይህን የምጽፈው የሃይማኖት ክርክር ለመክፈት አይደለም፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ እዚያ አትግቡ። ሐሳቤ ስለ ማስተማር ነው። እኛ ስሞቹን እናስሸመድዳለን፤ ስሙ እንዴት እንደወጣ አናስተምርም። ልጁ አራቱን ምርጫ ያከብባል፣ በወሩ ይረሳዋል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ አንድ የተቆረጠ ፎቶ ያይና በዚያች ብቻ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ሕዝብ ፍርድ ይሰጣል። ምን ያህል ማስረጃ ለምን ያህል ድምዳሜ እንደሚበቃ ማን አስተማረው? እኛ ነበርን ማስተማር የነበረብን።

«ላብራቶሪ የለንም» እንዳትሉኝ። ዘንድሮ ከበዓል በኋላ መንጋጋ ለቃቅሜ፣ ቀቅዬ አጥቤ ክፍል ይዤ ገባሁ። የበግ፣ የውሻ፣ እንደገና ሌላ በግ። አንደኛው ጠቦት፣ ሌላው ጥርሱ ያለቀ አሮጌ። ምን እንደሆኑ አልነገርኳቸውም። ከአምስት ቡድን አራቱ ሁለቱን በጎች «የተለያዩ እንስሳት ናቸው» ብለው ጻፉ። አንዲት ልጅ ብቻ ተነስታ «ቲቸር አንድ ናቸው፤ ያኛው አርጅቶ ነው፤ አባቴ በግ ነጋዴ ነው» አለች። የዚያን ቀን ክፍሉን ማስቆም አልተቻለም! ደወል ተደውሎ እንኳ እየተከራከሩ ነበር። ያወጣሁት ወጪ የሳሙና ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኮምቦልቻ ባቲን ወርዳችሁ ወደ ሚሌ ስትሄዱ እነዚህ ጥርሶች ወደ ወጡበት አገር እየገባችሁ ነው። በዚያ መንገድ ስንቱ ልጃችን ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ዓረብ አገር እንዳለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። አንዱ እንኳ እግሩ ሥር ያለው መሬት ምን እንደያዘ ነግረነው አልሄደም። ከፈረንጅ ጋር ቆሞ ያንን መንጋጋ ያነሳው ግን የእኛው አገር ልጅ ነው። ከእኛ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ሌላ ቻላቸው እንደሌለ በምን አውቃለሁ?

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። መልሱ ይኸውልህ፦ ከጥርስ ብቻ ማወቅ ይቻላል፣ ግን ከብዙ ጥርስ ጋር አስተያይቶ፣ የሚያሳስተውን ሁሉ ጠይቆ፣ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ ስም ሳያወጡ ቆሞ። ያን ቀን «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተም የዚህ ዓይነት ዕዳ ካለባችሁ ከታች ጻፉት። ተማሪ የነበራችሁም፣ ያልተመለሰላችሁን ጥያቄ ጻፉልኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።