አሰላን ስናደንቅ ማንን ረሳን?

ስለ አሰላ የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይመሳሰላል። ጭላሎ ተራራ ይጠቀሳል፣ ብርዱ ይጠቀሳል፣ ቀጥሎ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ከበቆጂም እነ ደራርቱ ቱሉና እነ ቀነኒሳ በቀለ ይመጣሉ፤ ጽሑፉም እዚያው ላይ ያልቃል። እኔም ብሆን ከተማዋን እወዳታለሁ። ጠዋት ጭላሎ ደመና ለብሶ ሲታይ፣ የጋሪ ፈረስ ከባጃጅ ጋር ሲጋፋ፣ ጭኮ በቅቤ ታሽቶ ሲቀርብ ማን ይጠላል? ጥያቄዬ ግን ውበቷን ብቻ እየጻፍን ታሪኳን የምንዘለው እስከ መቼ ነው የሚል ነው።

በካሪቢያን ባሕር፣ ኩባ ውስጥ ትሪኒዳድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1514 የቆረቆሯት ናት። ባለቀለም ቤቶቿና ድንጋይ የተነጠፈባቸው መንገዶቿ ቱሪስት ይስባሉ። ዩኔስኮ በ1988 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ግን ከተማዋን ብቻ አልመዘገበም፤ አጠገቧ ያለውን የስኳር ወፍጮዎች ሸለቆም አብሮ መዝግቧል። እነዚያ የሚያማምሩ ቤቶች እኮ የተሠሩት በሸለቆው ውስጥ በባርነት ይሠሩ በነበሩ አፍሪካውያን ላብ ነው።

የእኛስ ሸለቆ የት ነው? አርሲ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከብዙ ዓመት ውጊያ በኋላ በራስ ዳርጌ በተመራው የምኒልክ ጦር ተያዘ። ይህ ቅኝ ግዛት ይባላል አይባልም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ተማሪዎች ልተወው። መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደሮች እየተሰጠ ብዙ ገበሬ በገዛ ቀዬው ጭሰኛ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ከዚያ በ1960 ዓ.ም. ካዱ መጣ። በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዋና ቢሮው እዚሁ አሰላ ነበር። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው አቀረበ፤ የአርሲን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር አዳቀለ። ዛሬ አርሲ ሲነሳ ስንዴ የሚነሳው፣ የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም ስሙ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ምርቱ ሲጨምር ባለመሬቱም ነቃ። እርሻ ትርፍ እንዳለው ሲያይ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን ማስነሳት ጀመረ። ካዱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ የመሬት ሕጉ ግን በካዱ እጅ አልነበረም። ስንት ቤተሰብ ዕቃውን በአህያ ጭኖ እንደወጣ አስቡት! የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለእነዚህ ሰዎች ዘግይቶ ነበር።

እኔ ካዱን ለመውቀስ አይደለም። ስንዴው እውነት ነው፣ መፈናቀሉም እውነት ነው፤ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ይጻፉ ነው የምለው።

ደግሞም ጊዜ የለንም። በ1960 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የፊቸር ሥራችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ ሌላ የሯጭ ታሪክ ከምንደግም እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሰው ፈልጎ ያነጋግር፤ አንድ በካዱ ተቀጥሮ የሠራ፣ አንድ ደግሞ ከመሬቱ የተነሳ ወይም ልጁ። ብዙዎቹ የሚያወሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የምትችሉ ጠያቂ ሁኑ፣ የማንችለው ካሜራ እንይዛለን።