ስለ መኪናዎ፦ ሞተር ሲታፈን

አንድ ሹፌር እንበል። ዲካተር አካባቢ ይኖራል፤ ሌሊት ተነስቶ ሐርትስፊልድ-ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ያመላልሳል። የቤት ኪራዩም፣ የልጆች ወጪውም፣ አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ የሚገኘው ከዚያችው አንድ መኪና ነው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ መኪናዋ ባደረችበት ቦታ የዘይት ጠብታ ማየት ጀምሯል። ዘይቷም እየጎደለ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍት ጭስ መሳይ እንፋሎት ፊቱ ላይ ቡልቅ ይላል። ቡና ላይ ጓደኞቹን ቢያማክር አንዱ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ከኋላ ያለው ፓራኦሊዮ ነው፣ ካምቢዮ ካልወረደ አይቀየርም» ይለዋል። ሁለቱም ሥራዎች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁና መኪናዋን ለቀናት የሚያቆሙ ናቸው። መኪና ቆመ ማለት ደግሞ ገቢ ቆመ ማለት ነው።

ጓደኞቹ የግድ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ነገር ግን ከሁለቱም በፊት መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ተዘሏል፦ የሞተሩ መተንፈሻ ታይቷል ወይ? ይህ መተንፈሻ በመለዋወጫ መደብሮች ፒሲቪ ቫልቭ በመባል ይታወቃል። መጠኑ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ለብዙዎቹ የቆዩ መኪናዎች ዋጋው አንድ ቤተሰብ ምግብ ቤት ገብቶ ከሚከፍለው ያነሰ ነው።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስቶኑና በፋሻው ጎን አልፎ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ የታችኛው ክፍል ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ይህ ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅና የውሃ እንፋሎት ይዟል። መውጫ ካጣ ሁለት ጥፋት ያደርሳል። አንደኛ፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ዘይቱም ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ግፊት ይፈጥራል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተገጠመ የሽሮ ድስት ሲፈላ በየት በኩል እንደሚገነፍል የታወቀ ነው፤ ሞተርም እንደዚሁ በደከመው ጋስኬትና በፓራኦሊዮው በኩል ዘይቱን ይተፋል።

ፒሲቪ ቫልቭ ይህን ጋዝ ሞተሩ ራሱ አየር በሚስብበት ኃይል እየሳበ መልሶ እንዲቃጠል ያደርጋል። በውስጡ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ብረትና ስፕሪንግ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ስበቱ ኃይለኛ ስለሆነ መንገዱን ያጠብባል፤ ነዳጅ ሲሰጠው መንገዱን ያሰፋል። እሳት ወደ ኋላ ቢመለስ ደግሞ ይዘጋል።

ቀደም ባለው ዘመን ጋዙ በአንድ ቱቦ በቀጥታ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። በሎስ አንጀለስ የአየር ብክለት ከበረታ በኋላ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን መተንፈሻ ግዴታ አደረገች። በአሜሪካ የመኪናን ብክለት ለመቀነስ በሕግ የታዘዘው የመጀመሪያው መሣሪያ ይኸው ነው።

የአትላንታ ሹፌር ኑሮ ለዚህ ችግር የተመቸ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሞተር ሳያጠፉ ለረጅም ሰዓት መቆም፣ በ285 መጨናነቅ ውስጥ መጎተት፣ በክረምት ደግሞ ከክላርክስተን እስከ ቅርብ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ሁሉም በዘይቱ ውስጥ እርጥበት እንዲከማች ያደርጋሉ። ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ እየጠፋ ከዋለ እርጥበቱ አይተንም። ዘይት የመቀየሪያው ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ጭቃው ቫልቩን ይዘጋዋል።

ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። ቫልቩ ተዘግቶ ከቀረ ዘይት በየመጋጠሚያው ያልባል፣ የአየር ፊልትሮው ቤት በዘይት ይርሳል፣ ከዘይት ክዳኑ ሥር ጭቃ ይታያል። ክፍት ሆኖ ከቀረ ወይም ማኒኮቶው ከተሰነጠቀ ደግሞ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፣ የሞተር መብራት ይበራል፤ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ኮድ ፒ0171 ነው። ዘይት አብሮ ስለሚሳብ ሰማያዊ ጭስም ሊታይ ይችላል።

ቦታውን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ ማኒኮቶውን መከተል ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ተነስቶ ወደ ሞተሩ አናት፣ ማለትም ወደ ቴስታታው ክዳን የሚሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ይፈለጋል፤ ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ በጫፉ ላይ ነው። ከ1993 እስከ 1997 በተሠራው ኮሮላ በክዳኑ ላይ ባለ የጎማ ቀለበት ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል። በ2.4 ሊትሩ ካምሪ በጥርስ የሚታሰር ነው። የቀድሞ ታክሲ ነጂዎች በደንብ በሚያውቁት ክራውን ቪክቶሪያ በተሳፋሪው በኩል ባለው ክዳን ላይ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በ1.4 ሊትሩ ሸቭሮሌት ክሩዝ፣ ከክዳኑ ጋር አብሮ የተሠራ በመሆኑ ሙሉ ክዳኑ ይቀየራል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቩ ከክዳኑ ተነቅሎ አፉ በጣት ሲደፈን የመሳብ ኃይል ሊሰማ ይገባል። ካልተሰማ ቫልቩ ወይም ማኒኮቶው ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ እጅን፣ ልብስንና ነጠላን ከሚሽከረከር ቺንጊያና ከፋን ማራቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ ቫልቩ ሲነቀነቅ ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት። ድምፅ ከሌለው ይቀየራል። ድምፅ ማሰማቱ ብቻውን ግን ደህና ነው አያሰኝም፤ ስፕሪንጉ ሊደክም ይችላል።

ሲቀየር ሞተሩ ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት። ፋሸታው በፒንሳ ይላላል፤ ማኒኮቶው በኃይል ሳይጎተት ግራና ቀኝ እየተጠመዘዘ ይወጣል። ተሰክቶ የሚገባው ዓይነት በቀስታ ይነቀላል፤ የደረቀ የጎማ ቀለበት ይሰባበራልና ስብርባሪው ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዳይወድቅ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚታሰረው ዓይነት መጀመሪያ በእጅ ተጀምሮ በኋላ በቁልፍ በልኩ ይጠብቃል፤ ከመጠን በላይ ከተሳበ የክዳኑ ጥርስ ይበላል። ቀለበቱም አብሮ ቢለወጥ ጥሩ ነው። የጠነከረ ወይም የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ካለ ለዘይትና ለነዳጅ ጋዝ በተሠራ ቱቦ መተካት አለበት፤ የውሃ ቱቦ አይሆንም።

መደብር ሲኬድ የመኪናውን ዓመት፣ ሞዴልና የሞተሩን ሊትር ይዞ መሄድ ይገባል። ቀዳዳው መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ የስፕሪንጉ ጉልበት ለየሞተሩ የተለካ ነውና የሌላ መኪና ቫልቭ ሚኒሞውን ያበላሻል። ቱቦውን በቡሎን ደፍኖ መገላገልም አያዋጣም፤ ሞተሩን ያፍናል፣ በፌዴራሉ ሕግም የብክለት መቆጣጠሪያን ማሰናከል የተከለከለ ነው።

በአትላንታና በዙሪያዋ ባሉ 13 ካውንቲዎች፣ ዲካልብ፣ ፉልተን፣ ጉዊኔትና ኮብ ጭምር፣ የሰሌዳ እድሳት ከጭስ ምርመራ ጋር የተያያዘ ነው። አገር ቤት ቦሎ ለማግኘት መኪና እንደሚመረመረው ማለት ነው። የሞተር መብራት የበራበት መኪና አያልፍም። የሰሌዳው ቀነ ገደብ የባለቤቱ የልደት ቀን ስለሆነ ችግሩን እስከዚያች ዕለት ማቆየት አይገባም። ኮዱን ያስጠፋ ሰውም በማግስቱ ወደ ምርመራ ቢሄድ ኮምፒውተሩ ገና ዝግጁ ስላልሆነ ሊመለስ ይችላል። ለጥቂት ቀናት በከተማም በሃይዌይም መንዳት ያስፈልጋል።

አዲሱ ቫልቭ ገብቶ ዘይቱም ከነፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ዘይት መጉደሉና መፍሰሱ ከቀነሰ በሽታው ተገኝቷል። ካልቀነሰና እንፋሎቱ እንደበፊቱ ቡልቅ ካለ ግን የፋሻው ጉዳይ እውነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን የሲሊንደሮቹ ግፊት በመሣሪያ ተለክቶ ቁጥሩ ለባለቤቱ ይነገረው እንጂ ሞተር በግምት አይወርድም። አገር ቤት ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ትንፋሹን ሲያይ ኖሯል፤ ልማዱ ደግ ነው፣ ነገር ግን መተንፈሻው ተዘግቶ ከሆነ ደህናውም ሞተር እንደ አሮጌ ይተነፍሳል።

እንግዲህ የዲካተሩ ሹፌር ወደ ጋራዥ ሲሄድ ዋጋ ከመስማማቱ በፊት «ፒሲቪው ታይቷል?» ብሎ ይጠይቅ። ሐቀኛ መካኒክ በዚህ አይቀየምም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።