የታችኛው ሊግ ተጫዋች ይታሰብ

በናይሮቢ ከተማ በኪሌሌሽዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሑድ በቴሌቪዥን ፊት በተሰበሰቡ ቁጥር ውዳሴያቸውን ሁሉ ለእንግሊዝ ታላላቅ ቡድኖች ሲያቀርቡ እየሰማሁ፣ በዚያችው ደሴት ሰሜን በስኮትላንድ፣ ቀን በሌላ ሥራ ሲደክም ውሎ ማታ ልምምድ የሚወጣውን የታችኛውን ሊግ ተጫዋች የሚያነሣ አንደበት ስለ ምን ጠፋ እያልሁ እደነቃለሁ። የአርብሮዝ ቡድን በእንዲህ ያሉ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2022 በስኮትላንድ ሁለተኛ እርከን ላይ ሁለተኛ ሆኖ መፈጸሙ፣ በእኔ ፍርድ፣ በገንዘብ ብዛት ከተገኘ ብዙ ዋንጫ የሚበልጥ ተጋድሎ ነው።

የእኛው ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች ፍቅሩ ተፈራስ? ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካ፣ በቼክ፣ በፊንላንድና በቬትናም ሜዳዎች የዕለት እንጀራውን በእግሩ ሲፈልግ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2014 በኮልካታ ከተማ በሕንድ ሱፐር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረ እርሱ መሆኑን ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል? (የማድሪድን ተጠባባቂዎች ስም ግን በቃል እንወጣዋለን።)

እዚሁ ኬንያ ስፖርትፔሳ የተባለው የውርርድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለአገሪቱ የእግር ኳስ ክለቦች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ባቋረጠ ጊዜ፣ የክለቦቹ ችግር ተርፎ በመጨረሻ ያረፈው በተጫዋቹ ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ የኪሌሌሽዋ ወገኖቼ ሆይ፣ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ የመግቢያ ዋጋ ከፍላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ የሚጫወተውን ቡድን ሄዳችሁ ተመልከቱ።