«ስካነሩን ገደልከው ብሎ ወንድሜ ከሱቅ አባረረኝ»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ሰቆጣ ነው። የፍቅር ጉዳይ ስትጠብቁ የነበራችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የዛሬው ጠብ በሁለት ወንድማማቾች መሀል ነው። መሀል የገባው ደግሞ ሰው ሳይሆን ስካነር ነው!

ባለጉዳዩ ወጣት ነው። ደብዳቤውን በእስክሪፕቶ ጽፎ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው የላከልኝ (ስካነሩ ቢሠራለት ኖሮማ ምን በወጣው!)። ከታላቅ ወንድሙ ጋር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። እንዲህ ይላል፦

«የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እያመጣ ፋይል ሲያጠፋብን ጊዜ ኮምፒውተሩን ወደ ሊኑክስ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠራን። ባለፈው ዓርብ ሌሊት ወደ አዲሱ ቨርዥን አፕግሬድ አደረግሁት። ጠዋት ስካነሩ መብራቱ ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ‹ስካነር የለም› ይላል። ያን ዕለት አንዲት እናት ከገጠር የልጃቸውን የትምህርት ማስረጃ ይዘው መጡ። የሥራ ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል። ስካን ሳይደረግላቸው ሄዱ። ወንድሜ በሰው ፊት ‹ነካክተህ ገደልከው!› ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። ይኸው ሳምንት ሆነን፤ አንድ ቤት እያደርን አያናግረኝም። ስካነሩን ለመለዋወጫ ሊሸጠው ገዢ እየፈለገ ነው። እውነት ገድዬው ይሆን?»

አይዞህ ወንድሜ፣ የገደልከው አይመስለኝም። ይኼን የምልህ ደግሞ ተቃጥዬ ስለማውቀው ነው። እኔም ከዓመታት በፊት እንዳንተው ሌሊት አፕግሬድ አድርጌ፣ ጠዋት ስካነሬ አልታይ ሲለኝ ሞቷል ብዬ ለቆራሌው በርካሽ ሸጥኩት። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ነገሩን ሲያስረዳኝ በሃያ ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ኖሯል። የቆራሌው ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ለአዲስ አበባ ልጅ ስካነር ቢበላሽ መርካቶ ወርዶ ሌላ ይፈልጋል። ሰቆጣ ላይ ግን ከተሸጠ ሌላው መኪና ተሳፍሮ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት አልፎ ነው የሚመጣው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ዋግ ኽምራ ለወራት መብራት ተቋርጦባት እንደነበር አስታውሱ። ያን ያህል ጊዜ ቆሞ የከረመ ባለ ሱቅ፣ መብራቱም ዕቃውም ባለበት ቀን ሥራ ሲቆምበት ቢናደድ አይፈረድበትም። ወንድምህ በሰው ፊት መጮሁ ግን ጥፋት ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። በሊኑክስ ላይ ስካነርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሴን የሚባል ፕሮግራም ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ «ጤነኛ አእምሮ» ማለትም ነው፤ በዚያ ቅዳሜ በሱቃችሁ ውስጥ ከማንም ዘንድ ያልተገኘ ነገር! ሴን ራሱ ስካነሩን አያንቀሳቅስም። ለእያንዳንዱ ሞዴል ድራይቨር አለ፤ ሴን እሱን ፈልጎ ይጠራል። አፕግሬድ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይኼ የመጥራቱ ነገር ነው።

ስለዚህ ገመዱን በሌላ ቀዳዳ ሰካና ተርሚናል የሚሉትን ጥቁር መስኮት ክፈት። ትእዛዞቹን እኔ እዚህ በፊደላችን ብጽፋቸውም አንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፋቸው። መጀመሪያ «ኤልኤስዩኤስቢ» በል። በዝርዝሩ ውስጥ ስካነርህ ካለ ዕቃው በሕይወት አለ ማለት ነው። ከሌለ ገመዱን ቀይረህ ሞክር።

ቀጥለህ «ሴን-ፋይንድ-ስካነር» በል። ይኼኛው ድራይቨር ኖረም አልኖረ ስካነር መሰካቱን ብቻ ያያል። ከዚያ «ስካንኢሜጅ» ጻፍና ክፍት ቦታ ትተህ ሰረዝና ትልቁን ኤል ጨምር። ይኼ ደግሞ በድራይቨር በኩል የተገኘውን ይዘረዝራል። የፊተኛው «አለ»፣ የኋለኛው «የለም» ካለህ ደስ ይበልህ፤ ችግሩ ከብረቱ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ነው።

ያንኑ የኋለኛውን ትእዛዝ ከፊቱ «ሱዶ» ጨምረህ ድገመው። አሁን ከተገኘ የጎደለህ ፈቃድ ነው፤ የተጠቃሚ ስምህን «ስካነር» በሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገባና ወጥተህ እንደገና ግባ። በሱዶም እምቢ ካለ ግን ነገሩ የድራይቨሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስካነሩን መጀመሪያ ስታስገባ ድራይቨሩን ያመጣኸው ከፋብሪካው ነው? እንግዲያው ሁለት ቦታ ፈትሽ። ሴን የሚጠራቸው ድራይቨሮች ስም «ዲኤልኤል ዶት ኮንፍ» በሚባል ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። አፕግሬዱ መሀል ላይ «የድሮውን ላቆይ ወይስ በአዲሱ ልተካ?» ብሎ ጠይቆህ፣ እንቅልፍ ይዞህ «ተካ» ብለኸው ይሆናል። አዲሱ ፋይል የፋብሪካውን ድራይቨር ስም አያውቀውም! (እኔን የጣለኝ ይኼው ነው።) ስሙን በአንድ መስመር መልሰህ ጻፍለት።

ሌላው የማኅደሩ ጉዳይ ነው። የፋብሪካ ድራይቨሮች አንዳንዴ ፋይላቸውን በድሮው የሴን ማኅደር ያስቀምጣሉ፤ አዲሱ ቨርዥን ግን የሚፈልገው «ኤክስ 86» ብሎ በሚጀምር ረጅም ስም ባለው ማኅደር ውስጥ ነው። ፋይሉ አለ፣ ፈላጊውም አለ፣ ሳይገናኙ ይውላሉ። ከአዲሱ ቦታ ወደ ድሮው የሚያመለክት ሊንክ ስትሠራለት ይገናኛሉ።

ይኼ ሁሉ ካልሆነልህ የድሮውን ቨርዥን በፍላሽ አዘጋጅና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳ። ዲስኩን ሳትነካ መሞከር ትችላለህ። ድራይቨሩን እዚያው ላይ ጭነህ አንድ ገጽ ስካን አድርግ። ከሠራ ወንድምህ በዓይኑ ይየው፤ ገዢው ከመምጣቱ በፊት!

ያቺን እናት በተመለከተ ግን እወቅስሃለሁ። ስልክ በኪስህ ይዘህ እንዴት ዝም ብለህ ሸኘሃቸው? ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ዘርግተህ፣ ጥላህ እንዳያርፍበት ጠንቅቀህ፣ ከላይ ቀጥ አድርገህ ብታነሳው በስልክ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየራል። ብዙ ምዝገባ ይቀበለዋል። አሁንም ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ጠይቅ፤ ምዝገባው ተራዝሞ ሊሆን ይችላል።

ወደ ወንድምህ ልመለስ። አፕግሬድ ማድረግህ ወንጀል አይደለም፤ ሳትነግረው፣ የነገው ሥራ እየጠበቀ ማድረግህ ግን ልክ አልነበረም። ደግሞ ምን አስቸኮለህ? የኡቡንቱን ረጅም ዕድሜ ያለውን ቨርዥን ብንወስድ የአምስት ዓመት የጥገና ድጋፍ አለው። ስለዚህ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ሂድና «ሳልነግርህ ማድረጌ ጥፋቴ ነው» በለው። ስካነሩ ከተሠራ በኋላ ብትሄድ ይቅርታ መጠየቁ ቀርቶ «አየህ፣ ትክክል ነበርኩ!» ማለት ነው የሚያምርህ። በሰው ፊት ስላዋረደህ ነገር ደግሞ ሌላ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገረው። እምቢ ካለም ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው አስገባ።

የሆነውን ጻፍልኝ፤ በስካነር ከሆነማ እሰየው። ለሚቀጥለው ሳምንት የያዝኩላችሁ ደብዳቤ «እጮኛዬ ስልኬን ትፈትሻለች» የሚል ነው። በሉ ደህና ሰንብቱ።