የሽፍታው ሬሳና የሕዝቡ ዘፈን

የአውስትራሊያን ባሕላዊ ዘፈን የሚመረምሩ አንዳንድ ሐያስያን «የፎርብስ ጎዳናዎች» የተሰኘውን እንጉርጉሮ በሁለት ቃል ያሰናብቱታል፤ ወንበዴን ያወድሳል፣ እውነትን ያዛባል ይላሉ። ማስረጃ አላጡም። ዘፈኑ ሽፍታው ቤን ሆል በተኛበት እንደ ተገደለ ይተርካል፤ በመዝገብ የሰፈረው ግን ሌሊቱን ከበውት ያደሩ ፖሊሶች እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1865 ማለዳ ወደ ፈረሶቹ ሲራመድ እንደ ተኮሱበት ነው።

ይሁንና ክርክሩ ሁሉ ሰውዬው ተኝቶ ነበር ወይስ ቆሞ በሚለው ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሐያሲው የያዘው የፖሊስ ሪፖርት እንጂ ዘፈን አይደለም። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት ያወጣው ሕግ፣ እጁን እንዲሰጥ ተጠርቶ ያልቀረበን ሽፍታ ማንም ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲገድል ይፈቅድ ነበር። ለሆል የተቆረጠው ቀን ግን ገና አላለፈም። ወደ 30 የሚጠጉ ጥይቶች ገላውን በሳሱት፤ ሬሳው በፈረስ ተጭኖ ፎርብስ ገባ፤ አጣሪው ችሎትም ግድያው የተገባ ነው ሲል ወሰነ። ችሎቱ ያጸደቀውን የከሰሰ ዘፈኑ ነው። ሬሳው እንደ ግዳይ ለሕዝብ መታየቱን ይዞ አስቀረ።

ሆልን የድኾች አርበኛ አድርገው የሚሥሉት ደግሞ ይብሳሉ። እርግጥ ነው፣ ፖሊሶች ቤቱን አቃጥለውበታል። ነገር ግን ሰውዬው መሬት ተኮናትሮ ከብት ያረባ የነበረ ባለንብረት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጠጥ ቤትና የመንገደኛ ዘራፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1865 ኮሌክተር በተባለች መንደር ግብረ አበሩ ጆን ደን ሳሙኤል ኔልሰን የተባለ ፖሊስ ገደለ። ኔልሰን የልጆች አባት ነበር። ዘፈኑ ደንን በወዳጅነት ያነሣል፤ ስለ ኔልሰን ግን አይተነፍስም።

ከሁሉ የሚከብደው የቢሊ ዳርጂን ነገር ነው። ዳርጂን ለፖሊስ ዱካ የሚከተል የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ ነበር። ዘፈኑ ስሙን የሚጠራው ለመግደል የተመረጠ ሰው ብሎ ነው፤ ስለ ተኳሹ ጣት እንጂ ስለ ሰውየው ደንታ የለውም። (ሐያስያኑም ጥይት ሲቆጥሩ ይህን አላዩም።) ሆል ከብቱን ያሰማራበት የላክላን አውራጃ የዊራጁሪ ሕዝብ ምድር ነው። ዘፈኑ ሆል ከግጦሽ መሬቱ መባረሩን ያለቅሳል፤ ከእርሱ በፊት ስለ ተባረሩት አንድ ስንኝ የለውም።