ከላይ የሚታየው ምድርና የቦረና ደጋ

ደሴት የሚባለው በባሕር መካከል ያለ ምድር ብቻ አይደለም። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቍልቍል የተመለከተ ሰው፥ ወይም ከሳይንት ወደ በሽሎ ወንዝ የወረደ መንገደኛ፥ የደቡብ ወሎ ምዕራብ ደጋ በገደልና በወንዝ ተከቦ እንደ ደሴት መኖሩን ያውቃል። በክረምት ወራት ወንዙ በሞላ ጊዜ፥ ይልቁንም ጸጥታ ጐድሎ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፥ በአንዱ አምባ የደረሰው መከራ በሌላው የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ የባሕር ደሴቶች ያዩትን ነገር መመልከት ይጠቅመናል። በጥር ወር 2014 ዓ.ም. በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቶንጋ አገር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ማዕበል ባስነሣ ጊዜ፥ በባሕር ውስጥ የተዘረጋው የመገናኛ ገመድ ተበጥሶ አገሪቱ ከዓለም ተለይታ ነበር። የደረሰውን ጉዳት አስቀድመው ከገለጹት መካከል ከምድር በላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ያነሡት ሥዕል አንዱ ነው። የጠፈር ድርጅቶች በ1993 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመሩት ስምምነት፥ ድንገተኛ አደጋ ለደረሰበት አገር ይህን የመሰለው ሥዕል ያለ ዋጋ ይሰጣል።

የእኛ ደጋ መከራ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ይቀራል፤ ገበሬው ለዘር ያኖረውን ገብስ ይበላል፤ ቀጥሎ በሬውን ይሸጣል፤ ክረምቱ መልካም ቢሆንም እንኳ የሚያርስበት አያገኝም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በገባ ጊዜ ይህን ሁሉ በዐይኑ ያየ ብዙ ሰው ነበረ። የጐደለው ያየ ሰው ሳይሆን፥ ወሬውን ተቀብሎ በጊዜው የሚሠራበት ሹም ነው። ያን ጊዜ ያለቀው ሕዝብ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መከራው በርትቶ ተመለሰ።

ዛሬ የዝናቡን መቅረት ከላይ ማየት ይቻላል። አገራችንም በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱን ሳተላይት ወደ ጠፈር ልካለች፤ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም የካርታውን ሥራ ይዟል። አውሮፓውያን ለሁሉ በነጻ የሚሰጡት ሥዕል በየ5 ቀኑ እየታደሰ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን መሬት ይለያል፤ የዘንድሮውን ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ጋራ ማመዛዘን በዚህ ይቻላል።

ነገር ግን ከላይ የሚታየው ሁሉ እውነት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በሳተላይት የሚገመተው ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚነገረው 5 ኪሎ ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር ለሆነ ስፍራ ነው፤ በቦረና ግን በዚህ ስፋት ውስጥ ደጋውም ቈላውም ይገኛል። በክረምት ደመና ሥዕሉን ይጋርዳል፤ ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ቢኖርም ገብሱን ከአረም በደኅና አይለይም። ውርጭ በአንድ ሌሊት ፍሬውን ሲያቃጥለው ቅጠሉ ለጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ሊቈይ ይችላል። በሬ መሸጡንና የዘር እህል መበላቱንማ ማናቸውም ሳተላይት አያይም፤ ይህን የሚያውቅ የአጥቢያው ሰው ነው።

የስምም ነገር አለ። አንድ ጸሓፊ «በቦረና ድርቅ ሆነ» ብሎ ቢጽፍ፥ የወሎው ነው ወይስ በደቡብ በኩል ያለው የኦሮሚያው ቦረና? ደብረ ሲናም በወሎ አለች፥ በሸዋም አለች። የርዳታ እህል የጫነ መኪና ስም ብቻ ይዞ ሊሄድ አይገባውም፤ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቍጥር ያስፈልገዋል። ይህንም ቍጥር ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ይሰጣል።

በዚህ ረገድ ካህናቱ ትልቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። በተራቈተው ደጋ ላይ የቤተ ክርስቲያን ደን ከሰማይ ሲታይ እንደ አረንጓዴ ክብ ነጥብ ሆኖ ይለያል፤ ስለዚህ ለካርታ ሠሪ የታመነ ምልክት ነው። በእያንዳንዱ ደብር ዙሪያ ስንት አባወራ እንዳለ፥ የትኛው ጐጥ ቀድሞ እንደሚራብ ቄሱ ያውቃል። የመስጊድ አባቶችም በየአካባቢያቸው እንዲሁ ያውቃሉ። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለና፥ ወጣቶቹ ከእነዚህ አባቶች ጋራ ተቀምጠው የጐጡን ስም በካርታው ላይ ቢጽፉ ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የወረዳ ሹማምንትም መጪው በልግ ሳይደርስ፥ በጥር ወር፥ የየጐጡን ስም ከነቍጥሩ መዝግበው ወደ ዞኑና ወደ ኢንስቲትዩቱ ቢልኩ፥ ከዚያም የልምላሜውን ሥዕል በየ15 ቀኑ ተቀብለው በየአጥቢያው ቢያስመረምሩት ይገባል። የላኩበትም፥ መልስ ያገኙበትም ቀን በመዝገቡ አብሮ ይጻፍ።