ሩዝን በአዝመራው ብቻ ሳይሆን በቡቃያውም እንመዝነው

ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ሌላው ሰብል የማይችለውን ይህን ውሃ ወደ ሀብት የቀየረው ሩዝ ነው። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ወረዳዎች ሩዝ ዛሬ ለእንጀራ፣ ለገበያና ለከብት መኖ የሚውል ሰብል ሆኗል። ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል።

ይሁን እንጂ የሩዝ አርሶ አደር ከባዱ ፈተና የሚገጥመው ዘር በተዘራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በብተና በተዘራ ማሳ ሩዙና አረሙ እኩል ይበቅላሉ። መስመር ስለሌለ ሥራው የእጅ አረም ነው፤ ሣር መሰል አረሞች ደግሞ በቡቃያነታቸው ከሩዝ አይለዩም። ቡቃያው ፈጥኖ ከተነሣ መሬቱን አልብሶ አረሙን ብርሃን ይነሳዋል። ከዘገየ ግን ልጅ አዋቂው ማሳ ላይ ይውላል፤ ካልሆነም ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ ይወጣል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ለማውጣት እጩ ዘሮችን ሲያወዳድሩ የምርት መጠንን ብቻ ማየት አይበቃም። ዕድሜውና አያያዙ አንድ የሆነ ዘር በአንድ ቀን ተዘርቶ ስንቱ እንደበቀለ፣ በስንት ቀን እንደወጣ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቁመቱ፣ የቅጠሉ ብዛትና የደረቅ ክብደቱ ሊለካ ይገባል። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም የቡቃያን ጥንካሬ ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ይመዝናል፤ 1 እጅግ ብርቱው፣ 9 እጅግ ደካማው ነው።

ልኬታው እዚሁ መከናወን አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሜዳችን ለሩዝ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በሞቃት አገር ፈጥኖ የተነሣ ዘር እዚህ ሊያዘግም ይችላል። አርሶ አደሩ ኤክስ ጅግናን ለረጅም ዘመን ያልተወው ቅዝቃዜውን ስለሚችልለት ጭምር ነው።

በእርግጥ ፈጥኖ ያደገ ሁሉ ብዙ አያፈራም፤ ቁመቱ የበዛ ሊጋሸብም ይችላል። አጫጭር ዝርያዎች በአንጻሩ ባይጋሸቡም ቡቃያቸው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ኔሪካ የተባሉት ዝርያዎች የአፍሪካንና የእስያን ሩዝ አዳቅለው የወጡት ከአፍሪካዊው አረምን የመቋቋም ብርታት፣ ከእስያው ደግሞ ምርታማነትን ለመውሰድ ነበር። ሁለቱን አጣጥሞ መምረጥ እንደሚቻል ይህ ማሳያ ነው።

የመስክ ቀን የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ ሲያሽት ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከማዕከሉ ጋር ሆነው ሌላ የመስክ ቀን በሦስተኛው ሳምንት ያዘጋጁ። አራሚዎቹ ሴቶችና ወጣቶች ይጠሩ፤ የትኛው ዘር ጉልበት እንደሚቆጥብ እነርሱ ያውቁታል።

አርሶ አደሩም ከመዝራቱ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያብቅል። ከሳምንት በኋላ የበቀለው ከ80 ካነሰ ዘሩን ይለውጥ። ጥሩ ዝርያም ቢሆን ያረጀ ዘር ብርቱ ቡቃያ አይሰጥምና።